የሰባራ ድልድይ ገመድ

ሰሞኑን ስለ ርካሽ ጉዞ ስትጨዋወቱ ሳይ ሰባራ ድልድይ ትዝ አለኝ። የአምበር፣ የቢቸና፣ የሞጣ ልጆች ታውቁታላችሁ።

በሞጣ በኩል ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኘው ይህ የዓባይ ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ዘመን ተሠራ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ተቆረጠ፤ ስሙም "ሰባራ" ሆኖ ቀረ። ዙሪያውን መሄድ ቀንም ገንዘብም ስለሚፈጅ፣ ገበያተኛው ገመድ ታጥቆ፣ ከወዲያና ከወዲህ ሰው እየሳበው ይሻገር ነበር። ርካሽ ነው፤ መያዣው ግን ነፍስ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2001 ፎቶውን በመጽሔት ያየ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ መጥቶ አስጠገነው። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ለድሃ መንገደኛ ርካሽ ማለት ሳይሰጋ የሚሻገርበት ነው። በገመዱ የተሻገረ አባት ወይም እናት ያላችሁ፣ ጠይቃችሁ እስቲ ጻፉልን።