ውጅግራ በጦር ሜዳና በሲኒማ መጋረጃ

አያቶቻችን ለጠመንጃ ስም ሲያወጡ ብዙ አይጨነቁም ነበር። ፈረንጁ የጠራውን ይሰሙና ለምላሳቸው እንዲመች አድርገው ይጠሩታል፤ አለቀ። እንግሊዞች «ስናይደር» ያሉት ሰናድር ሆነ። የኦስትሪያው «ማንሊኸር» ምንሽር ሆነ። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት ደግሞ ውጅግራ ሆኖ ቀረ። «ፉዚ» በቋንቋቸው ጠመንጃ ማለት ነው፤ ግራ ደግሞ ይህን መሣሪያ ያበጀው የባዚል ግራ የተባለ መኮንን ስም ነው። በዚህች ጽሑፍ የማወጋችሁ ስለዚሁ ስለ ውጅግራ ነው፤ በጦር ሜዳ ስለሠራው፣ በሲኒማ መጋረጃ ላይ ስለሚታየው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመጋረጃው ላይ ስለማይታየው ግማሽ ታሪኩ።

መጀመሪያ መሣሪያውን እንወቀው። የፈረንሳይ ጦር ውጅግራን የታጠቀው በ1874 እ.ኤ.አ. ነው። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ያህል፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ፣ የጥይቱ ውፍረት 11 ሚሊሜትር። ካዝና የለውም። ተኳሹ አንድ ጥይት ያጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ ቀለሁን ያወጣል፣ ከዝናሩ ሌላ ይመዛል። የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ ስለሆነ በያንዳንዱ ተኩስ ነጭ ጭስ ይለቃል፤ ተኳሹ የት እንዳለ ለጠላት ያሳብቃል። በ1886 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች ጭስ የሌለው ባሩድ የሚጠቀመውን ለበል አወጡና ውጅግራ ላውሮፓ አሮጌ ሆነ። ላውሮፓ አሮጌ የሆነ ዕቃ ደግሞ ገበያው የት እንደሚሆን እናውቃለን።

በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ነጋዴው ጎረፈ። ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኖ ከዋናዎቹ መሣሪያ አቅራቢዎች አንዱ ነበር። ግጥም ትቶ ንግድ የገባው አርቱር ራምቦ እንኳ በ1887 እ.ኤ.አ. ወደ 2000 የሚሆን ጊዜው ያለፈበት ጠመንጃ በግመል ጭኖ ለምኒልክ አምጥቷል፤ ያሰበውን ያህል ባያተርፍበትም። ጣሊያንም በዚያው ዓመት ባደረገችው ስምምነት 5000 ረሚንግተን ለምኒልክ ልትሰጥ ቃል ገብታ ነበር። ከ9 ዓመት በኋላ የምኒልክ ጠመንጃ ወደ ማን እንደሚዞር ማን ነግሯት!

ለመሆኑ የዚህ ሁሉ መሣሪያ ሒሳብ በምን ተከፈለ? በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድ፣ በቡና፣ በሰው ጭምር። ይህ ዕቃ በብዛት የመጣው ከደቡብና ከምዕራብ ነው። ስለዚህ ደቡቡ ውጅግራን ያወቀው ሲተኮስበት ብቻ አይደለም፤ የዋጋውም ከፋይ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር ወደ 100,000 ይገመታል፤ አብዛኛው ጠመንጃ የያዘ ነበር። ውጅግራ፣ ረሚንግተን፣ ሰናድር፣ ሁሉም ተቀላቅሎ። የጣሊያን ጦር 17,000 ገደማ ሆኖ 56 መድፍ ይዞ ነበር። ውጤቱን መድገም አያስፈልገኝም። ጋሻና ጦር ብቻ ይዞ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ጀግንነት ምን ያህል ደም ያስከፍል እንደነበር ግን ማሰብ ደግ ነው። ውጅግራ በዚያች ቀን የነፃነት መሣሪያ ነበር፤ ይህን የሚክድ ታሪክ አላነበበም።

ሲኒማውም የያዘው ይህንኑ ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ዓድዋ» በተሰኘው ፊልም ጦርነቱን በተዋናይ አላስደገመም፤ የድሮ ሥዕሎችን፣ የሽማግሌዎችን ትረካ፣ ዘፈኑንና ተራራውን አሰባስቦ አሳየን። በባህላዊ የዓድዋ ሥዕሎቻችን ላይ የኛ ሰው በሙሉ ፊቱ፣ ጣሊያኑ በጎኑ ይሳላል፤ ጠመንጃው በሁለቱም ወገን ተደርድሮ ጭሱን ይተፋል። በመጋረጃ ላይ ያንን ሥዕል ያየ ሰው ልቡ ሞቅ ሳይለው አይወጣም።

ጣሊያኖችም በበኩላቸው ሲኒማ ያውቁ ነበር። በ1938 እ.ኤ.አ. የሠሩት «ሉቻኖ ሴራ ፒሎታ» የሚባለው ፊልም፣ የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶርዮ የተቆጣጠረው፣ በዚያው ዓመት በቬኒስ የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸልሟል። በፊልሙ መጨረሻ ኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች ባቡር ያጠቃሉ። እዚያ ጠመንጃ የያዘው የኛ ሰው ስም የለው፣ ቤት የለው፣ ምክንያት የለው፤ አደጋ ብቻ ነው። ጀግናው በአውሮፕላን የመጣው ነው። በአገሩ ላይ የመጣበትን የሚመልስ ሰው ሽፍታ መስሎ ሲቀርብ እያየን እንናደዳለን፤ መናደዳችንም ልክ ነው።

ታዲያ እዚህ ላይ ወደ ዲላ እንምጣ። «ነፍጥ» የሚለው ቃል ዛሬ መኪና ከምንሞላው ናፍጣ ጋር ዘመድ ነው። ዐረቦች የሚነደውን ዘይት «ነፍጥ» ይሉት ነበር፤ ኋላ ቃሉ ለባሩድና ለጠመንጃ ዋለ። ነፍጥ ያዡ ነፍጠኛ ተባለ፤ ማለትም ነገሩ በመሠረቱ የሥራ ስም ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የምኒልክ ጦር የጌዴኦን ምድር ሲይዝ ጌዴኦ እንሰቱንና ቡናውን ባንድ ጓሮ እያበቀለ፣ በባሌ ሥርዓቱ እየተዳደረ የሚኖር ሕዝብ ነበር። መንግሥት ለወታደሩ ደመወዝ የሚሆን ጥሬ ብር ስላልነበረው በደመወዝ ፈንታ ሰው ሰጠው፤ እንደ ማዕረጉ ገባር ተመደበለት። ገባሩ ያርሳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አጥር ያጥራል፣ ሚስቱ ትፈጫለች። ውጅግራው ጥግ ላይ ተደግፎ ይቆማል። በየቀኑ መተኮስ የለበትም፤ መኖሩ ከታወቀ በቂ ነው።

ሁለቱን ታሪክ ባንድ ሰው ላይ ማየት ከፈለጋችሁ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎን ተመልከቱ። በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ ተማርከው በምኒልክ ቤት ያደጉ ናቸው። ዓድዋ ላይ በመድፍ ተኳሽነታቸው ስማቸው ተጠራ። ከዚያ በኋላ የሲዳሞ ገዥ ሆኑ፤ ጌዴኦም በግዛታቸው ሥር ነበር። ገባር የሚባለው ቀንበር በጸናበት ዘመን ማለት ነው። በ1920 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን ይዘው አዲስ አበባ መጡና ያለ ጦርነት ሥልጣናቸውን አጡ። በ1929 ዓ.ም. ግን በስተርጅና ዕድሜያቸው ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ሞቱ። ይህ ሰው ጀግና ነው ወይስ ጨቋኝ? ጥያቄው ራሱ ጠማማ ነው። ሁለቱም ነገር ሆኗል፤ ታሪክ አንዱን እንድንደመስስ አይጠይቀንም።

ከነፃነት በኋላ ገባርነት በሕግ ቢቀርም ጭሰኝነት ተተካ። ባለመሬቱ ከምርቱ አንድ አራተኛውን፣ እርቦ የሚባለውን፣ ይጠይቅ ነበር። በጌዴኦ ደግሞ ምርት ማለት ቡና ነው፤ ገበሬው ራሱ ተክሎ ያሳደገው ቡና። በ1952 ዓ.ም. ገበሬው አሻፈረኝ አለ፤ ሚችሌ ላይም ተፋጠጡ። ባንድ ወገን ጦርና ጎራዴ፣ በሌላው ወገን ጠመንጃ። ገበሬዎቹ ወደቁ፤ አመፁ ታፈነ። ከ15 ዓመት በኋላ በየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሚችሌ የወደቁት የጠየቁት ነገር ሕግ ሆነ።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ዓድዋ ላይ ጠመንጃ የነበረው ወገን እኛ ነን፤ ሚችሌ ላይ ጠመንጃ ያልነበረው ወገንም እኛ ነን። ሲኒማው ግን የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አላሳየንም። ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ባለው በጥቁርና ነጭ ፊልሙ ባለመሬቱንና ጭሰኛውን ፊት ለፊት አስቀምጧል። እዚያ የባላባቱ ኃይል የሚታየው በትእዛዝና በስድብ ነው። ያ ትእዛዝ ከየት ጉልበት አገኘ ብሎ ወደ ኋላ የሚሄድ፣ ጥግ ላይ የቆመችውን ውጅግራ ከጅቡቲ ወደብ ጀምሮ የሚከተል ፊልም ግን ይቀረናል።

«ይህን ማንሳት ዓድዋን ማሳነስ አይሆንም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኔ እንዲያውም ማተለቅ ነው እላለሁ። ቡናውንና ጥርሱን ገብሮ የጠመንጃውን ዋጋ የከፈለ ሕዝብ የድሉ ባለ ድርሻ ነው፤ ያልኳችሁ ነገር ይቺ ናት። በ1928 ዓ.ም. የሲዳሞው ገዥ የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ወደ ዶሎ ግንባር ሲዘምት ከዚሁ ከደቡብ ምድር የተነሣ ሰው ያረጀ ጠመንጃ ተሸክሞ ከአውሮፕላን ጋር ገጥሟል። ነፍጠኛ የሚለውን የሥራ ስም ዛሬ በአንድ ሕዝብ ላይ የሚለጥፍ ሰው ይህን ሁሉ ዘሎ ነው የሚናገረው። በደሉ የለም የሚለውም እንደዚያው ዘሎ ነው። መጠየቅ ያለበት ሥርዓቱ ነው እንጂ የማንም ልጅ በስሙ አይከሰስም።

እኛ ዲላ የምንማር ደግሞ ሰበብ የለንም። ሚችሌ ሩቅ አገር አይደለም። አባቶቻቸው ያወሩላቸውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየገጠሩ አሉ፤ ነገ ግን ላይኖሩ ይችላሉ። ካሜራ ያለው ካሜራውን፣ የሌለው እርሳስና ደብተር ይያዝ። ጌዴኦኛ የሚያውቅ ይጠይቅ፣ የማያውቅ አብሮት ይሂድና ይጻፍ። ፊልሙን የሚሠራው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ለፊልሙ የሚሆነውን ቃል ሳይጠፋ መልቀም ግን የኛ ሥራ ነው።