የእምነት ማስረጃና የታሪክ መምህር

ከጁባ ከተማ ማዶ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ጎንዶኮሮ የሚባል ሥፍራ አለ። በ1846 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የሮማው ፓፓ ግሪጎርዮስ 16ኛ ለመካከለኛው አፍሪቃ ሐዋርያዊ ቪካርያት ስላቋቋሙ፣ የተላኩት ካህናት ከካርቱም ተነሥተው ወንዙን ሽቅብ ተጕዘው ወደ ባሪ ሕዝብ አገር ደረሱ። አባ አንጀሎ ቪንኮ በ1853 በዚያው በባሪዎች መካከል ሞቱ፤ የተልእኮው አለቃ አባ ኢግናዝ ክኖብለኸር ደግሞ በ1858 ጤናቸው ተሰብሮ ወደ አውሮፓ ሲመለሱ ኔፕልስ ላይ ዐረፉ። ከቀሩትም ብዙዎቹን ንዳድ ፈጃቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣቢያው ተዘጋ፤ ያመኑትም ሰዎች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች ለሚሰብኩት ነገር ሕይወታቸውን እንደ ሰጡ የሚጠራጠር የለም። የባሪው ሰው ግን ያየው እነርሱን ብቻ አልነበረም። በዚያው ወንዝ፣ በዚያው ዓይነት ጀልባ፣ የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች ይመጡ ነበር፤ የዝሆን ጥርሱንም ንግድ የሰው ንግድ ተከተለው። በወንዙ ዳር ለቆመው ባላገር ካህኑም ነጋዴውም ከሰሜን የመጡ እንግዶች ናቸው፤ አንዱን ከሌላው የሚለይበት ምን ማስረጃ ነበረው?

ጥያቄው የጎንዶኮሮ ብቻ አይደለም። ስለ አክሱሙ ንጉሥ ስለ ኢዛና ሳስተምር፣ በገንዘቡ ላይ የነበረው የጨረቃና የፀሐይ ምልክት ቀርቶ መስቀል እንደ ተተካ ካስረዳሁ በኋላ፣ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ይህ ንጉሡ እንዳመነ ያስረዳል፤ ያመነው ነገር እውነት ለመሆኑስ ማስረጃው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ግን በዚያ ቀን የሰጠሁት መልስ እስከ ዛሬ አያረካኝም፤ ይህንንም ጽሑፍ ያስጀመረኝ እርሱ ነው።

የታሪክ ሰው በእጁ ያለውን በቅድሚያ መቍጠር ይገባዋል። ሮማዊው ታሪክ ጸሓፊ ታኪቱስ በ116 ገደማ ሲጽፍ፣ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጴንጤናዊው ጲላጦስ እንደ ተገደለ መዝግቧል፤ ታኪቱስ ክርስቲያኖችን የሚንቅ ሰው ነበርና ለማገዝ ብሎ ጻፈ አይባልም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች የላከው የመጀመሪያው መልእክት በ55 ገደማ፣ ማለት ከስቅለቱ ወዲህ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቈይቶ የተጻፈ ነው፤ ከሙታን የተነሣውን ክርስቶስን አየነው ያሉትንም በስም ይጠራል። በእኛም አገር በአድዋ አጠገብ የሚገኙት የአባ ገሪማ ወንጌሎች በራዲዮካርቦን ተመርምረው ብራናቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምእት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወድቅ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ መሰቀሉ፣ የምስክሮቹ ቃል ቶሎ መጻፉና መጽሐፉ በጥንቃቄ መጠበቁ ማስረጃ አላቸው። ምስክሮቹ አየን ያሉትን በእርግጥ አዩ ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ የብራና ዕድሜ ይህን አይመልስም። የመጽሐፍን ጥንታዊነት የመጽሐፍ እውነተኛነት አድርገው የሚያስተምሩ አሉ፤ ለተማሪ የማይጠቅም አቋራጭ ነው።

በአገራችን ይህን ክርክር በመከራ ጊዜ ያነሣው አቡነ ዕንባቆም ነው። ትውልዱ የመን፣ የቀድሞ ሃይማኖቱ እስልምና፣ ወደ ኢትዮጵያ የመጣውም በ15ኛው ምእት ዓመት ማለቂያ ገደማ ነው። ቁርኣን ስለ ኢየሱስ የሚናገረውን እያሰላሰለ ወደ ክርስትና ገባ፤ መነኰሰ፤ ኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ሆነ። ከ1529 ጀምሮ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር አገሩን ሲወርር፣ አብያተ ክርስቲያናቱም ሲቃጠሉ፣ ይህ ሰው ለኢማሙ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን ድርሰት ጻፈለት። ገዳሙ በእሳት የጠፋበት አባት ስድብን ትቶ ክርክር መምረጡን ሳስብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ።

ያቀረባቸው ማስረጃዎች ግን እኩል ክብደት የላቸውም። አንደኛው ከባላጋራው መጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ ቁርኣን ኢየሱስን የእግዚአብሔር ቃልና ከእርሱ የሆነ መንፈስ ብሎ ይጠራዋልና፣ ይህን ይዞ ይከራከራል። ይህ ማስረጃ ለእኔ ደካማ ይመስለኛል፤ ያው የቁርኣን አንቀጽ ወዲያው ሦስት ማለትን ይከለክላልና፣ ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን መተው ለሙስሊሙ አድማጭ መልስ አይሆነውም። ሁለተኛው ይበልጥ የታሪክ ሰውን የሚመለከት ነው፤ ወንጌል በብዙ ቋንቋ ተተርጕሞ በየሕዝቡ አንደበት ተነገረ፣ የተስፋፋውም ያለ ሰይፍ፣ በተናቁ ሰዎች ስብከት ነው ይላል። ትርጕምን ማስረጃ ያደረገው ሰው ራሱ ተርጓሚ ነበር፤ «በረላም ወይዋሴፍ» የተባለውን መጽሐፍ በ1553 ወደ ግዕዝ የመለሰው እርሱ ነው።

ያለ ሰይፍ ተስፋፋ የሚለው ቃል በታሪክ ሊመረመር ይችላል፤ ሲመረመርም ይቈስላል። ስለ መጀመሪያዎቹ ሦስት ምእት ዓመታት እውነት ነው። ነገር ግን ዕንባቆም ካለፈ በኋላ አፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በግልጥ ተቀብለው በአዋጅ ሕዝቡን ቢያስገድዱ፣ ክርስቲያን ከክርስቲያን ተዋግቶ በሺህ የሚቈጠር ባላገር አለቀ፤ ንጉሡም በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። በ1878 ደግሞ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከነገረ ሃይማኖቱ ክርክር ጋር የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሚካኤል ተባሉ፤ ሼኽ ጦልሃን የመሰሉት ግን አንቀበልም ብለው ተነሡ። የዕንባቆምን ማስረጃ ያፈረሰው የኢማሙ መልስ ሳይሆን የራሱ ወገን ሥራ ነው።

በሱስንዮስ ዘመን ከነበረው ብጥብጥ ውስጥ የወጣ ነው የሚባል ሌላ ድምፅ አለ፤ «ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ»። ተራኪው የአክሱም አካባቢ ተወላጅ ሆኖ፣ ከንጉሡ ቍጣ ሸሽቶ በዋሻ ተቀምጦ ዳዊት እየደገመ ይመረምራል፤ ሁሉም የእኔ ሃይማኖት የቀና ነው ይላል፣ ታዲያ በመካከላቸው ፈራጁ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ፍርዱንም እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ ለሰጠው ልቡና ይተዋል። እግዚአብሔርን አይክድም፤ በእግዚአብሔር ስም የሚናገሩትን ግን ሁሉ ማስረጃ ይጠይቃቸዋል። ነገሩን ይበልጥ የሚያጣፍጠው (ወይም የሚያመርረው) የመጽሐፉ የራሱ ማስረጃ አከራካሪ መሆኑ ነው። ጣልያናዊው መነኵሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በ1850ዎቹ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ሲሆን፣ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲው መነኵሴው ራሱ ነው ሲል፣ ክሎድ ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ሲሉ ተከራከሩ፤ ክርክሩም ዛሬ አልተዘጋም። በማንም እጅ ይጻፍ፣ ጥያቄው የተማሪዬ ጥያቄ ነው።

ወደ ጁባ ልመለስ። በ1964 የጄኔራል ዓቡድ መንግሥት የውጭ አገር ሚሲዮናውያንን ሁሉ ከደቡብ ሱዳን አስወጣ። ብዙዎች ቤተ ክርስቲያኒቱ ትጠፋለች ብለው ነበር። የሆነው ሌላ ነው፤ ከ1983 እስከ 2005 በቈየው ጦርነት ውስጥ፣ በስደተኞች ሰፈርና በዛፍ ጥላ፣ የአገሩ ተወላጆች በየቋንቋቸው እያስተማሩና እየዘመሩ፣ በተለይም በዲንካዎች ዘንድ፣ የሚያምነው ሕዝብ እጅግ በዛ። ዕንባቆም ይህን ቢያይ ደስ ባለው ነበር፤ ሰይፉም ገንዘቡም በሌላ ወገን ሳሉ፣ በሕዝቡ ቋንቋ ተስፋፋ ባለ። የዘርዐ ያዕቆብ መጽሐፍ ተራኪም ዝም አይልም፤ ቤቱ የፈረሰበት ሰው መጠጊያ መፈለጉ መጠጊያውን እውነት አያደርገውም ባለ። እኔ በሁለቱ መካከል ስመዝን፣ በጎንዶኮሮ ያልሠራው ስብከት ኋላ የሠራበትን ምክንያት አንድ ነገር ይገልጥልኛል፤ ሰባኪው ከአድማጩ ጋር አብሮ ተርቦ፣ አብሮ ተሰዶ ስለ ነበር፣ ከነጋዴው የሚለይበት ምልክት አሁን ይታይ ነበር። ይህ ሰዎቹ ለምን እንዳመኑ ያስረዳል። ለተማሪዬ ከዚህ የበለጠ አስረዳለሁ ብል ሐሰተኛ እሆናለሁ፤ ከዚህ ያነሰ ብነግረውም እንዲሁ።

ምስክርነት በኑሮ የሚመዘን ከሆነ ደግሞ ሚዛኑ በሁለት ወገን ይሠራል። በዲሴምበር 2013 በጁባ የተነሣው ጦርነት መሪዎች በሁለቱም በኩል ክርስቲያኖች ነበሩ። በአፕሪል 2019 ፓፓ ፍራንቸስኮ እነዚሁን መሪዎች በቫቲካን ተቀብለው፣ ከፊታቸው ተንበርክከው እግራቸውን ሳሙ። በፌብርዋሪ 2023 ከካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ከጀስቲን ዌልቢና ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አወያይ ጋር ሆነው ጁባ ድረስ መጡ፤ በእንግሊዝ አስተዳደር ጊዜ ሚሲዮኖች ደቡቡን በክልል ተከፋፍለው ይሰብኩ እንደ ነበር ለሚያውቅ፣ የእነዚህ ሦስት ሰዎች በአንድ መድረክ መቆም ትንሽ ነገር አልነበረም። ፓፓው በጆን ጋራንግ መካነ መቃብር አደባባይ ቅዳሴ ሲያሳርጉ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተሰብስቦ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሥፍራ ወንዙን ለተሻገረ ሰው ጎንዶኮሮ ሩቅ አይደለም።