መንደራ ቆጪ በማን ስር ትግባ?

እስቲ ስለ ጅማ አንድ ድረ ገጽ እንሥራ እንበል። ገጾቹን እንዴት እንደርድራቸው? ዎርድፕሬስ ከ2005ቱ 1.5 እትም ጀምሮ አንዱን ገጽ በሌላው ስር ማስገባት ያስችላል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። የላይኛው ወላጅ፣ የታችኛው ልጅ ይባላል። ታዲያ ምን ችግር አለ? መንደራ ቆጪ በጅማ ከተማ ስር፣ ጅማ በኦሮሚያ ስር። አለቀ!

አላለቀም። የጅማ ወላጅ ስንቴ እንደተቀያየረ ልብ በሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጅማ ራሷን የቻለች መንግሥት ነበረች። ዳግማዊ አባ ጅፋር (1878–1932) ለምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን አስጠበቁ። ቤተ መንግሥቱ ጅሬን፣ ገበያው ሂርማታ ነበር። ያ መንግሥት በ1932 አከተመ። ጣልያን ሲገባ ሂርማታ ላይ አዲስ ከተማ ሠራ። ከነጻነት በኋላ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። ዛሬ ጅማ በኦሮሚያ ናት፤ ከፋ ደግሞ በ2021 በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ። የትናንቱ ወላጅ የዛሬ ጎረቤት ሆነ ማለት ነው።

የቡናው ይብሳል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ጀምሮ ቡናን በመጣበት አካባቢና በአዘገጃጀቱ ሲመድብ፣ የጎማ ወረዳ ቡና ታጥቦ ከመጣ «ሊሙ»፣ በጀንፈሉ ደርቆ ከመጣ «ጅማ» ተባለ። አንድ ገበሬ፣ አንድ ማሳ፣ ሁለት ወላጅ! በዚህ መንገድ ባለፈ ጆንያ ላይ አጋሮ የሚለው ስም አልነበረም። ስም ደግሞ በቡና ገበያ ዋጋ ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ወላጅ የምናደርገው ቶሎ የማይቀያየረውን ይሁን፤ እሱም ቦታው ነው። አጋሮ ራሷን የቻለች ገጽ ትኑራት። «ከፋ ጠቅላይ ግዛት»፣ «ኦሮሚያ»፣ «ሊሙ ቡና» የሚሉትን በመለያ ቃል እንለጥፋቸው። ገጽ አንድ ወላጅ ብቻ ነው የሚኖረው፤ መለያ ግን፣ ዎርድፕሬስ ለገጾች በራሱ ባይሰጥም፣ ከተጨመረለት ያሻንን ያህል ይሸከማል። አንባቢው ከላይ የሚያየውን ማውጫም ከገጾቹ ዝምድና ለይተን መሥራት እንችላለን።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። የገጽ ወላጅ ሲቀየር አድራሻውም ይቀየራል። ከአሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራ ማዞሪያ ካልተተወ፣ በድሮው የመጣ ሰው «ገጹ አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል። ሂርማታ ብሎ የሚፈልግ ሰውም ጅማን ማግኘት አለበት። መዋቅር ሲፈርስና ሲሠራ የኖረበት አገር ልጆች ይህን ካላሰብንበት ማን ያስብበት?