የቤት ኮምፒዩተርን ወደ ነፃና ክፍት ምንጭ ስርዓተ ክወና ስለመቀየር ለተገልጋዮች የቀረበ መረጃ

ማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተመዝግቦ የተራዘመ ድጋፍ ያላገኘ ኮምፒዩተር ከዚያ ቀን በኋላም መሥራቱን አያቆምም፤ ነገር ግን አዲስ የሚገኝ የደኅንነት ክፍተት አይደፈንለትም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት አካልና በአመዛኙ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ አብዛኞቹ ላፕቶፖች መስፈርቱን አያሟሉም። የእነዚህ ኮምፒዩተሮች ባለቤቶች አዲስ ከመግዛት በፊት ሊያጤኑት የሚገባ አማራጭ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ነፃ ስርዓተ ክወና መጫን ነው።

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሊኑስ ቶርቫልድስ የተጀመረ ሲሆን፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት፣ እንዲያሻሽለውና ለሌላ እንዲያባዛው ፈቃዱ ይፈቅዳል። ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» በተሰኘው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የተሰጡት ነጭና አረንጓዴ ትናንሽ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር፤ ዛሬ በብዙዎች እጅ ያለው የአንድሮይድ ስልክም በሊኑክስ ከርነል ላይ የተገነባ ነው። ለቤት ተጠቃሚ ከሚቀርቡት ዓይነቶች መካከል ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ይበልጥ ይታወቃሉ። ለአሮጌ ላፕቶፕ ሊኑክስ ሚንት ይመረጣል፤ 22ኛው እትም በትንሹ 2 ጊጋባይት ራም (4 ቢሆን ይሻላል) እና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃል፤ ድጋፉም እስከ 2021 ዓ.ም. ይቆያል።

የመጀመሪያው ችግር ፋይሉን ማግኘት ነው። የሊኑክስ ሚንት መጫኛ ወደ 3 ጊጋባይት፣ የኡቡንቱ 24.04 ደግሞ ወደ 6 ጊጋባይት ይመዝናል። ይህ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ከተማ በስልክ ዳታ ለሚያወርድ ሰው ቀላል ወጪ አይደለም፤ ግንኙነት በመካከል ሲቋረጥም ድካሙ እንደገና ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው የተሻለ መስመር ካለበት ቦታ አውርዶ በ8 ጊጋባይት ፍላሽ ቢያመጣው ይመከራል። አንድ ሰው ያመጣውን ፋይል ጎረቤትና ትምህርት ቤት ቢገለብጡት ሕግ መጣስ የለበትም። ሆኖም ከማይታወቅ ሰው የተገኘ ፋይል በአምራቹ ገጽ ላይ ከተቀመጠው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር ሳይመሳከር መጫን አይገባም።

ፋይሉን በፍላሽ ላይ መገልበጥ ብቻ አይበቃም፤ ሩፈስ ወይም ኤቸር በተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች መጻፍ አለበት። ይህ ሲደረግ በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ከዚያም ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ኤፍ12 (በአንዳንዶቹ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ) ቁልፍ ተጭነው ከፍላሹ እንዲነሣ ያደርጋሉ። ሊኑክስ ዲስኩን ሳይነካ በቀጥታ ከፍላሹ ይሠራል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ማተሚያው መሥራታቸውን ሳይቸኩሉ ይፈትሹ። ዋይፋዩ ካልታወቀ ስልክዎን በገመድ አገናኝተው ኢንተርኔት በማጋራት ተጨማሪውን ድራይቨር ማውረድ ይቻላል። የካኖን ኤልቢፒ ማተሚያዎች ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚጫን ድራይቨር ስለሚፈልጉ የጽሕፈት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ይህን አስቀድመው ማየት አለባቸው።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የቆየ የአማርኛ ሰነድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፎንቶች ፊደላቱን የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ነበር፤ እነዚህ ፎንቶች ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በሥራ ላይ ቆይተዋል። በእነርሱ የተጻፈ ውል፣ የዕድር መዝገብ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ሰነዱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ጥቂት መስመር ገልብጠው በቴሌግራም ወደ ስልክዎ ይላኩ፤ በአማርኛ ከተነበበ ዩኒኮድ ነው፣ አያሳስብም። ካልተነበበ ዊንዶውሱ ገና ሳይነሣ ሰነዱን በፒዲኤፍ ያስቀምጡ፤ ወደፊት የሚታረመውንም በዩኒኮድ እንደገና ይጻፉ ወይም ያስቀይሩ። ፎቶግራፍና ሌላ ፋይል በውጭ ሃርድ ዲስክ መገልበጡ እንደተጠበቀ ነው። ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ሳይታይ ዲስክ የሚደመስስ ሰው በኋላ የሚጸጸትበት ጊዜ ብዙ ነው።

አማርኛ ለመጻፍ ፓወር ግዕዝ በሊኑክስ ላይ አይሠራም። በምትኩ «አይበስ ኤም17ኤን» የተባለውን መጻፊያ ከሶፍትዌር ማከማቻው ጭነው አማርኛን ይመርጣሉ፤ በእንግሊዝኛ ቁልፎች እንደ ድምፃቸው ይጻፋል። አንዳንድ ፊደላት የሚወጡበት ቁልፍ ከለመዱት ስለሚለይ የጥቂት ቀናት ልምምድ ይጠይቃል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ የተባሉት የኢትዮጵያ ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ። የወርድና የኤክሴል ሰነዶች በሊብሬ ኦፊስ ይከፈታሉ፤ ሠንጠረዥ የበዛበት ሰነድ ግን አቀማመጡ ሊዛባ ይችላል። በድር አሳሽ የሚሰጡ የመንግሥት አገልግሎቶችን በፋየርፎክስ መጠቀም ይቻላል።

ለውጡ ለሁሉም አይስማማም። ሒሳቡን በፒችትሪ የሚይዝ ነጋዴና በአውቶካድ የሚሠራ ባለሙያ ባሉበት ቢቆዩ ወይም ዲስኩን ከፍለው ሁለቱን ስርዓቶች ጎን ለጎን ቢይዙ ይሻላቸዋል። ጎን ለጎን ለመጫን ለሚፈልግ ሰው፣ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ አስቀድሞ መፍታትና የመልሶ ማግኛ ቁልፉን በወረቀት መያዝ ግዴታ ነው። በአንጻሩ ኮምፒዩተሩን ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለልጆች ትምህርት ብቻ የሚጠቀም ቤተሰብ ብዙም የሚያጣው ነገር የለም። ከፎቶ ቤትና ከጽሕፈት ቤት በፍላሽ እየተላለፈ የሚያስቸግረው የሾርትከት ቫይረስም ለዊንዶውስ የተጻፈ በመሆኑ በሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ ይህ ማለት ግን ሊኑክስ ከአደጋ ሁሉ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

መጫኑ እንደ ኮምፒዩተሩ ፍጥነት ከ20 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። በዚህ መካከል መብራት ቢጠፋ ዲስኩ ላይ ያለው ስርዓት የማይነሣ ሊሆን ስለሚችል የላፕቶፕ ባትሪ መሙላት፣ ባትሪው ለሞተ ወይም ለዴስክቶፕ ደግሞ ዩፒኤስ ማግኘት ያስፈልጋል። ተጫኝው የይለፍ ቃል ያስመርጣል፤ ፕሮግራም በተጨመረ ቁጥር ስለሚጠየቅ በማይረሳ ሁኔታ ይያዝ። የመጀመሪያው ማሻሻያ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊደርስ ስለሚችል፣ በስልክ ዳታ የሚጠቀሙ ከሆነ ራሱ እንዳያወርድ አድርገው የተሻለ መስመር ሲያገኙ ያከናውኑት።