ጓያ፣ ድርቅና የነርቭ ሕዋስ በሮች

ከሐይቅ ተነስቶ በውጫሌ በኩል አምባሰልን ያቋረጠ መንገደኛ በስተሰሜን ምዕራብ የሚያገኘው የደላንታን ደጋ ነው። ከተማው ወገል ጤና ይባላል። እዚያ ክረምቱ ሲያባራ ዋልካው አፈር ውሃውን እንደቋጠረ ጓያ ይዘራበታል። ጓያ ውሃ ቢተኛበትም፣ ዝናብ ቢቀርበትም ይበቅላል፤ ማዳበሪያም አይጠይቅም። ስለዚህ የወሎ ገበሬ የክፉ ቀን ስንቁ አድርጎት ኖሯል።

በደህናው ዘመን ሽሮና ክክ ሆኖ ከሌላው እህል ጋር ሲበላ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ አይታይም። ችግሩ የሚመጣው ሌላው ሰብል ጠፍቶ፣ ጓያ ብቻውን ቁርስም ምሳም ራትም ሆኖ ወራት ሲቆይ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የሆነው ይኸው ነው። ዝናቡ ተዛባ፣ ሌላው ሰብል ከሸፈ፣ ጓያ ተረፈ። በ1997 በያኔው ደላንታ ዳውንት ወረዳ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው በጓያ በሽታ ተያዘ። እግራቸው ተገተረ፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ አለ። ገሚሱ በምርኩዝ ቀረ፣ የባሰበትም ዳኸ። አእምሯቸው ግን አልተነካም፤ በሽታው የሰውን ማስተዋል ሳይወስድ እግሩን ብቻ ይነጥቀዋል፣ መድኃኒትም አልተገኘለትም። ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ወጣት ወንዶች ይበዛሉ።

በጓያ አገር ብዙ ሰው በሽታውን ያመጣው ጓያው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ወይም የገለባው ንክኪ ነው ብሎ ያምን ነበር። መርዙ ግን በሚበላው ፍሬ ውስጥ ነው።

ይህን መርዝ የህንድ ተመራማሪዎች በ1964 ለይተው አወጡት። በአንጎልና በአከርካሪ ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ሽፋን ላይ ጥቃቅን የፕሮቲን ቀዳዳዎች አሉ፤ ግሉታሜት የተባለው መልእክተኛ ሲነካቸው ተከፍተው ሶዲየም ያስገባሉ፣ ወዲያው ይዘጋሉ። የጓያው መርዝ ግሉታሜትን ስለሚመስል ቀዳዳዎቹን ከፍቶ ያቆያቸዋል። መዝጊያው ተጓድሎ ማሳውን እንደሚያጥለቀልቅ የመስኖ ቦይ፣ ሶዲየሙና ካልሲየሙ ያለ ልክ ይገባሉ፤ ሕዋሱ ከአቅሙ በላይ ተነሳስቶ ይሞታል። በተለይ የሚጎዱት ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱት ረጃጅም ነርቮች ናቸው።

በሽታው የወሎ ብቻ አይደለም። ህንድን፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የተራበችውን እስፔንንም ጎብኝቷል። ጓያ በሚዘራበት አገር ረሃብ ሲመጣ በሽታው ሊከተል ይችላል።

የደላንታውን ወረርሽኝ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው አጥንተው በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳውቀዋል። ተከታዩ ጥናት ለማጀት የሚጠቅም ነገር አመጣ፦ ጓያን በእሸቱ፣ ቆልቶ ወይም በንፍሮ መልክ መብላት አደጋውን ያከብደዋል፤ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀልና ማቡካት ያቀለዋል። በ2006 ደግሞ መርዙ የቀነሰለት ‹ዋሴ› የተባለ ዝርያ ተለቀቀ።

ጓያን መከልከል መፍትሔ አይሆንም፤ ድርቅ ሲመታ ከገበሬው ጋር የሚቀረው እሱ ነውና። የግብርና ባለሙያዎች የተሻለውን ዘር ለደጋው ገበሬ ያድርሱ፤ ዝናቡ በተዛባ ዓመትም የሚቀላቀለው እህል ጓያ ብቻውን ከመበላቱ በፊት ይድረስ።