መርካቶና የከተማ መንግሥት የቱሪዝም ሥራ

መርካቶ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ወገን፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የኢትዮጵያ ትልቁ የንግድ ሰፈር ነው፤ በአፍሪካ ግዙፉ የአደባባይ ገበያ እየተባለም ይጠራል። ጅምላውና ችርቻሮው፣ ዕደ ጥበቡና ጭነቱ በአንድ ሰፈር ታጭቀው ስለሚውሉበት እዚህ የሚቆረጠው ዋጋ ክፍለ ሀገር ባሉ ሱቆች ድረስ ይሰማል። አገር ጎብኚዎችን የሚመሩ ድርጅቶችም ሆኑ የጉዞ መጻሕፍት መርካቶን በአዲስ አበባ ከሚታዩ ስፍራዎች ተርታ ካሰለፉት ቆይተዋል። በመንግሥት የቱሪዝም ሥራ ውስጥ የያዘው ቦታ ግን ከዚህ ዝናው ጋር አይመጣጠንም። ለዚህ ምክንያቱ በኢትዮጵያ ቱሪዝምን ማልማት በአብዛኛው ጥንታዊ ሐውልትን ማስተዋወቅ ወይም አዲስ መናፈሻ መገንባት ሆኖ መኖሩ ነው። መርካቶ ከሁለቱም አይመደብም፤ በሥራ ላይ ያለ ገበያ ነውና። እንዲህ ያለውን ስፍራ ለጎብኚ ማልማት ከሁሉ አስቀድሞ ገበያውን ለነጋዴውና ለሸማቹ የተሻለ አድርጎ ማኖርን ይጠይቃል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አመሠራረት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ከተቆረቆረች በኋላ ዋናው ገበያዋ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ከተማዋን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም በያዘችበት ዘመን ነጭና ጥቁር ተለይቶ እንዲኖር የሚያዝ የከተማ ፕላን አወጣች፤ የአገሬው ሰው ገበያም ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ። የዛሬው መርካቶ መነሻው ይህ ነው። ኢትዮጵያውያንን ከመሀል ከተማ ለማራቅ የተከለለው ስፍራ ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ዋና መነሐሪያ ሆነ። ቀድሞ ንግዱን በብዛት ይዘውት ከነበሩት የየመን ዐረቦች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ሕንዶች ቀጥሎ የአገር ተወላጆች፣ በተለይም ከጉራጌ ምድር የመጡ ወጣቶች፣ ከሊስትሮነትና ከሱቅ በደረቴ ተነሥተው፣ ዕቁብ ጥለው፣ ወንድም ወንድሙን እየሳበ የጅምላ ንግዱ ባለቤቶች ሆኑ። መርካቶ ለጎብኚ የሚነግረው ታሪክ ካለ አንደኛው ይኸው ነው፤ ሆኖም ይህን የሚያስረዳ ሙዚየም በገበያው ውስጥ የለም።

የገበያው አሠራር በተራ ነው። በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ጭድ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ሚሊታሪ ተራ፣ ዱባይ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች በአንድ ወገን ይሰለፋሉ። ገዢ ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ዋጋ ያማርጣል፤ ሻጭ የጎደለበትን ዕቃ ከጎረቤቱ ተበድሮ ደንበኛውን ይሸኛል፤ ዱቤና መተማመንም በዚያው በተራው ውስጥ ይሽከረከራል። የታላቁ አንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ገበያ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። የረጅም መንገድ ተሳፋሪ በአውቶቡስ ተራ ይወርዳል። የመርካቶ ቅርስነት የሚገኘው በአንድ ሕንፃው ሳይሆን በዚህ አሠራሩ ነው።

የመንግሥት የቱሪዝም ሥራ አመጣጥ

ቱሪዝም በኢትዮጵያ የመንግሥት ሥራ ሆኖ የተደራጀው በ1954 ዓ.ም ሲሆን መሥራቹም የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። «የ13 ወር ፀጋ» የሚለው መለያ የእሳቸው ነው፤ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን ያያያዘው የታሪክ መንገድም በዚያ ዘመን ተዘረጋ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሰሜን ከተሞች መብረሩ፣ ሆቴሎች መሠራታቸው፣ ፖስተርና ፖስት ካርድ መታተሙ ሁሉ ለዚያ መንገድ የዋለ ነበር። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ሲሰፍሩ ሥራው ፍሬ ማፍራቱ ታየ። ተቋሙ ግን ረግቶ አልተቀመጠም፤ በየመንግሥቱ ኮሚሽን፣ የሚኒስቴር አካል፣ ድርጅት እየሆነ ቆይቶ በ2014 ዓ.ም ራሱን የቻለ የቱሪዝም ሚኒስቴር ሆነ። በመካከሉ በ2001 ዓ.ም የቱሪዝም ልማት ፖሊሲ ወጣ፤ በ2008 ዓ.ም ደግሞ «ምድረ ቀደምት» የሚለው አዲስ መለያ የቀደመውን ተካ።

በፌዴራሉ ሥርዓት የዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ የሚወድቀው በክልሎችና በከተማ አስተዳደሮች ላይ ነው። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የባህልና የታሪክ ቅርስን የመጠበቅ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ሲጥል፣ በአንቀጽ 49 አዲስ አበባ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዲኖራት ደንግጓል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም የቅርስን ጉዳይ በዝርዝር ይገዛል። ፌዴራሉ መንግሥት መለያ ይመርጣል፣ ቪዛ ይሰጣል፣ ደረጃ ያወጣል። ጎብኚው የሚረግጠውን መንገድ፣ የሚገባበትን መጸዳጃ ቤት፣ የሚያገኘውን ደንብ አስከባሪና የሚያየውን ሰፈር ዕጣ የሚወስነው ግን የከተማው አስተዳደር ነው። ስለዚህ መርካቶን በሚመለከት ዋናው ተጠያቂ በቅርብ የሚገኘው መንግሥት ነው።

የከተማዋ የቅርብ ዓመታት ሥራ በፌዴራሉ መንግሥት ግፊት ጭምር በግንባታ የታጀበ ነው። የአንድነት ፓርክና የወዳጅነት አደባባይ በ2012 ዓ.ም፣ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም ተከፍተዋል፤ የኮሪደር ልማቱም በ2016 ዓ.ም ተጀምሮ ብዙ ጎዳናዎችን ለውጧል። እነዚህ ሥራዎች ነዋሪው ራሱ የሚዝናናበትን ስፍራ አብዝተዋል፤ ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ከዚሁ ጋር በፒያሳና አካባቢው የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ለጎብኚ ሲባል ከተማ ሲሠራ ምን መቆየት አለበት የሚለው ጥያቄ መርካቶ ላይ ከመድረሱ በፊት መልስ ማግኘት አለበት።

በሥራ ላይ ያለ ገበያ እንደ ቅርስ

ምናለሽ ተራን በቅርብ ያየ ሰው መርካቶ ለምን ከመናፈሻ እንደሚለይ ይገነዘባል። ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው ቆርቆሮ፣ ጠርሙስ፣ ጀሪካንና ብረት ወደ መርካቶ ይጎርፋል። ባዶ በርሜል ተሰንጥቆ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦና ተዘርግቶ ከሰል ማንደጃ ይሆናል፤ ያለቀ የመኪና ጎማ በቢላ ተበልቶ በረባሶ ጫማ ይወጣዋል። አጠገቡ የወፍጮ ወንፊት፣ ሰፌድ፣ ረከቦት፣ ጀበናና ምጣድ ይሸጣል። ቅመም ወደሚሸጥበት ሲዘለቅ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ጦስኙና ዕጣኑ በየጆንያው አፍ ላይ ተከምሯል። ይህን ሁሉ ማንም ለትርኢት አላዘጋጀውም፤ ገዢ ስላለው የቆመ ሥራ ነው። ገዢው ከጠፋ በማንኛውም የመንግሥት በጀት መልሶ ማቆም አይቻልም።

እንዲህ ያለ ስፍራ ቅርስ ሊሆን እንደሚችል ከአገር ውስጥ ማስረጃው ሐረር ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሰው እየኖረበት፣ እየሰገደበትና እየነገደበት ነው። በመኪና ግርግር ጎዳና ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ሲሰፉ ማየት ለጎብኚው ግንቡን ከማየት አያንስም። ከውጭ ደግሞ የሞሮኮዋ ማራኬሽ አለች። ጀማ ኤልፍና የተባለው አደባባይዋ በዘመናዊ ግንባታ ሊለወጥ ሲታሰብ ጸሐፊው ሁዋን ጎይቲሶሎና ሌሎች ተሟጋቾች ተነሡ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ዩኔስኮ የአደባባዩን ተረት ነጋሪዎች፣ ሙዚቀኞችና ነጋዴዎች የያዘውን ባህል የሰው ልጅ የቃልና የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ አወጀው፤ እ.ኤ.አ. በ2008ም በማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሰፈረ። እዚያ የተጠበቀው የሰዎቹ ሥራ ነው። ኢትዮጵያም መስቀልን በ2006፣ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም በዚሁ መዝገብ ያስመዘገበች አገር ስለሆነች መንገዱን ታውቀዋለች።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ መርካቶ ለጎብኚ አይመችም የሚል ነው። ኪስ አውላቂ አለ፣ ጭንቅንቅ አለ፣ በክረምት ጭቃው አይቻልም ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎብኚው ለሁለት ሰዓት የሚቸገርበትን ነገር ነጋዴው፣ ተሸካሚውና ሸማቹ ዓመቱን ሙሉ ይቸገሩበታል። የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ ንጹሕ የሕዝብ መጸዳጃ ቤትና ሰፈሩን የሚያውቅ ፖሊስ ለሁሉም ይጠቅማል። ስለዚህ ይህ ተቃውሞ መርካቶን ከቱሪዝም ለመተው ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ሥራው ከየት መጀመር እንዳለበት ያመለክታል እንጂ።

ሁለተኛውና ከባዱ ተቃውሞ የእሳት አደጋ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም በሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ብዙ ሰው ያፈራውን ንብረት አውድሟል። ሱቆቹ የተጠጋጉ፣ መተላለፊያዎቹ የጠበቡ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ የተጠላለፈ ሆኖ ሳለ እንዳለ ይቀመጥ ማለት በሰው ሕይወትና ሀብት መፍረድ ይሆናል። ስለዚህ መርካቶ መታደስ አለበት። ጥያቄው የሚታደሰው እንዴት ነው የሚለው ነው። ነጋዴዎች ራሳቸው በአክሲዮን ተደራጅተው ሕንፃ መገንባት እንደሚችሉ ቀደም ብለው አሳይተዋል። የእሳት አደጋ መኪና የሚያስገባ መንገድ፣ የውኃ መሳቢያ ነጥብና የታደሰ የኤሌክትሪክ መስመር ተራዎቹን ሳይበትን ሊገባ ይችላል። አዲስ ሕንፃ ሲሠራም ምድር ቤቱ ለቀድሞው ተራ ነጋዴ ቢቀር፣ ቀጥቃጩና ቅመም ሻጩ አቅሙ በሚፈቅደው ኪራይ ቢመለስ፣ ደኅንነቱም አሠራሩም አብረው ይጠበቃሉ። ተራው ከተበተነ ግን የሚቀረው በየትኛውም ከተማ የሚገኝ የሱቆች ሕንፃ ነው፤ እሱን ለማየት ከሩቅ የሚመጣ ሰው አይኖርም።

ሦስተኛው ወገን ጎብኚ ሲበዛ ገበያው ትርኢት ይሆናል፣ የነጋዴውም ክብር ይነካል ይላል። ስጋቱ ተገቢ ነው። የቶኪዮው ጹኪጂ የዓሣ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ሌላ ስፍራ ከመዛወሩ በፊት ጎብኚዎች የንጋቱን የዓሣ ጨረታ እያወኩ ስላስቸገሩ በቀን ከ120 ሰው በላይ እንዳይገባ ተወስኖ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሥራው ይቀድማል፣ ጎብኚው በሥራው ልክ ይስተናገዳል። በመርካቶም ፎቶ ከማንሣት በፊት ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ በጭነት ሰዓት ቡድን ይዞ አለመግባት፣ በጸሎት ሰዓት ከመስጊዱና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መራቅ በደንብ ሊታዘዝ ይችላል።

አራተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ጎብኚ የሚገዛው አንድ ረከቦትና ጥቂት ኮረሪማ ከጅምላ ንግዱ ጋር ምን ሊወዳደር ይላል። አይወዳደርም። ነገር ግን የጎብኚው ብር የሚሄደው ለጅምላ ነጋዴው ሳይሆን ለቀጥቃጩ፣ ለሸማኔው፣ ለሸክላ ሠሪዋና ለአስጎብኚው ወጣት ነው። የፕላስቲክና የፋብሪካ ዕቃ እየገፋቸው ላሉ እነዚህ ሰዎች ተጨማሪ ገዢ ማግኘት ሙያቸውን ለልጃቸው ለማስተላለፍ ምክንያት ይሆናቸዋል።

የከተማው አስተዳደር ድርሻ

አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም መናኸሪያ በመሆኗ ለስብሰባ ወይም በረራ ለመቀየር የሚመጣ እንግዳ አይጠፋባትም። ይህ እንግዳ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ላሊበላ ለመድረስ አይበቃውም፣ ለመርካቶ ግን ግማሽ ቀን ይበቃዋል። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በጎጃም በረንዳ፣ በአውቶቡስ ተራና በሰባተኛ ጣቢያዎቹ ገበያውን እንዲከብ ሆኖ ተዘርግቷል። ከተማው ብዙ የሚጨምረው ነገር የለም፦ ተራዎቹን የሚያሳይ ካርታና ምልክት፣ ከሰፈሩ ተወላጆች የተመለመሉና ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚዎች፣ የመርካቶን ታሪክ የሚያስረዳ አንድ አነስተኛ ሙዚየም፣ ተራዎቹንና ሙያዎቹን በቅርስነት የሚመዘግብ ጥናት። ይህ ሁሉ ከአንድ ትልቅ መናፈሻ ወጪ ያነሰ ነው።

ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ እሳት መከላከያው፣ መንገዱና ንጽሕናው፤ ቀጥሎ የነጋዴው የመቆየት ዋስትና፤ ከዚያ በኋላ ማስታወቂያው። የእድሳት ፕላን ሲነደፍም የየተራው ነጋዴዎች ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ሊጠሩ ይገባል፤ ገበያው እንዴት እንደሚሠራ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለምና። አስተዳደሩ የመርካቶን የቱሪዝም ሥራ ሲመዝንም ከጎብኚው ቁጥር አስቀድሞ ምናለሽ ተራ ላይ ስንት ቀጥቃጭ በሥራው ላይ እንዳለ ይጠይቅ።