ሁለተኛ የወጣችው ልጅ

በመኪና እሽቅድምድም ታሪክ ውስጥ ስማቸው የሚነሳ ሴቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኞቹ «የመጀመሪያዋ» የሚባሉት ናቸው። ሁለተኞቹ ደግሞ ዋንጫ ያነሱት። እኛ ዛሬ የምናወራላችሁ ልጅ ግን ከሁለቱም ወገን አይደለችም። ስሟ ቤይትስከ ቪሰር ነው። ሆላንዳዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ድሮንተን በምትባል ከተማ ተወለደች። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በሴቶች ብቻ ይካሄድ በነበረው ትልቁ የመኪና ውድድር ሦስት ጊዜ ተፎካክራ ሁለቴ ሁለተኛ ወጥታለች።

«ታዲያ ሁለተኛ የወጣች ልጅ ምን ታሪክ አላት?» ትሉ ይሆናል። አላት እንጂ! አንደኛ የወጣ ሰው ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለ ራሱ ስለ ሰውዬው ነው። የሁለተኛው ታሪክ ግን ስለ መንገዱ ይነግረናል። በሩ የት ጋ እንደሚጠብ፣ ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚቀር የሚታየው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1950 ነው። በ1958 ጣሊያናዊቷ ማሪያ ቴሬዛ ዴ ፊሊፒስ በማዜራቲ መኪና ተወዳድራ ቤልጂየም ላይ 10ኛ ወጣች። ከእሷ በኋላ የመጣችው ሌላዋ ጣሊያናዊት ሌላ ሎምባርዲ ናት። ሌላ በ1975 ባርሴሎና ላይ 6ኛ ወጣችና ነጥብ አገኘች። እሱም ሙሉ ነጥብ አልነበረም። ውድድሩ ሰው በሞተበት አደጋ ምክንያት ከግማሽ መንገድ ስለተቋረጠ ለሁሉም የተሰጠው የነጥቡ ግማሽ ነበር። በፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ሴት ልጅ ያገኘችው ነጥብ እንግዲህ ይኸው ግማሽ ነጥብ ነው! ሎምባርዲ ለመጨረሻ ጊዜ የተወዳደረችው በ1976 ነው። ከዚያ ወዲህ በፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና ውድድር መነሻ መስመር ላይ የቆመች ሴት የለችም። በ1992 ጆቫና አማቲ ሦስት ጊዜ ሞክራ ማጣሪያውን ማለፍ አልቻለችም።

ቪሰር የመጣችው ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ነው። እንደ አብዛኞቹ የሙያው ልጆች የጀመረችው ካርት በምትባለው ትንሿ መኪና ነው። በ2012፣ በ17 ዓመቷ፣ ወደ ትልቅ መኪና ተሻግራ ጀርመን ውስጥ ይካሄድ በነበረው አዳክ ፎርሜል ማስተርስ ገባች። ይህ ባለአንድ መቀመጫ መኪና ለሚጀምሩ ወጣቶች የተዘጋጀ ውድድር ነበር። ልጅቷ ገና በመጀመሪያው ዓመቷ ወንዶቹን ቀድማ ውድድር አሸነፈች። ማንም አለየላትም፤ መኪናው ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው።

ይህን ያየው ሬድ ቡል በ2013 በወጣቶች ቡድኑ ውስጥ አስገባት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ እንንገረው። የሬድ ቡል የወጣቶች ቡድን ሴባስቲያን ፌትልን ያወጣ ቤት ነው። እሷ በነበረችበት ዓመት እዚያው የነበሩት ዳኒል ክቪያትና ካርሎስ ሳይንዝ ናቸው። ክቪያት በ2014፣ ሳይንዝ በ2015 ፎርሙላ ዋን ገቡ። ቪሰር ግን በ2013 መጨረሻ ላይ ከቡድኑ ተሸኘች። ያገኘችው ዕድል አንድ ዓመት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ «ሴት ስለሆነች ነው» ብለን ብንጮህ ደስ ባለን። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። ሬድ ቡል ወጣቶችን በማባረር የታወቀ ነው፤ ወንዶቹንም ቢሆን እንደ ገብስ አበጥሮ ነው የሚያስቀራቸው። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ ሌላ ሆላንዳዊ ልጅ አስፈረመ፤ ማክስ ቬርስታፕን ይባላል። ማክስ በ2015 ገና በ17 ዓመቱ ፎርሙላ ዋን ጀመረ። ከ2021 እስከ 2024 ደግሞ አራት ጊዜ ተከታትሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በችሎታው የሚከራከር የለም። አባቱ ዮስም የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪ ነበር፤ ልጁ በሩ የት እንዳለና ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ እያወቀ ነው ያደገው። ቪሰርና ቬርስታፕን ከአንድ አገር የወጡ፣ በዕድሜም ከሦስት ዓመት በታች የሚለያዩ ልጆች ናቸው።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ለእኛ ከሁሉም በላይ አስተማሪ ሆኖ ታይቶናል። በዚህ ሙያ ስፖንሰር የሌለው ልጅ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው እየዞረ በየቦታው ግማሽ ዕድል እየለቃቀመ ይቆያል። ቪሰር በ2014 ፎርሙላ ሬኖ 3.5 ገባች። በዚያው ዓመት መጨረሻና በ2015 ጂፒ 3 በሚባለው ውድድር ላይ ጥቂት ጊዜ ብቅ አለች። ከዚያ በኋላ ባለአንድ መቀመጫውን ትታ ወደ ቢኤምደብልዩ ጎራ፣ ወደ ጣሪያ ያላቸው መኪኖች ተሻገረች። በዚህ መሰላል ላይ ለአንድ ዓመት መወዳደሪያ የሚጠየቀው ገንዘብ በመቶ ሺህዎች ጀምሮ ወደ ላይ ሲወጣ ከሚሊዮን ዩሮ ያልፋል። ሯጭ ቢያንስ እግሩ የራሱ ነው። የመኪና ተወዳዳሪ ግን መቀመጫውን ካልገዛ ችሎታውን የሚያሳይበት ቦታ እንኳን የለውም። መቀመጫ የሚገዛለት ስፖንሰር ደግሞ የሚመጣው ውጤት ሲያይ ነው። ዶሮ ቀደመች እንቁላል ዓይነት ነገር ነው!

በ2019 ደብልዩ ሲሪስ የተባለ የሴቶች ብቻ ውድድር ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ተወዳዳሪዋ ገንዘብ አትከፍልም፣ መኪናዎቹ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፣ የምትመረጠውም በችሎታዋ ነው። ከመቶ ገደማ አመልካቾች 18ቱ በቋሚነት ተመረጡ። ለመላው ውድድር የተመደበው ሽልማት 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 500 ሺው የሻምፒዮኗ ነበር።

ሁሉም ሰው አላጨበጨበም። «ሴቶችን ለብቻ ማወዳደር ማግለል ነው፤ ገንዘቡ ከወንዶች ጋር ለሚፎካከሩት ሴቶች ይሰጥ» ያሉ ነበሩ፤ ጀርመናዊቷ ሶፊያ ፍሎርሽና እንግሊዛዊቷ ፒፓ ማን ከእነዚህ መካከል ናቸው። ክርክሩ ቀላል የሚባል አይደለም። ቪሰር ራሷ ገና በ17 ዓመቷ ከወንዶች ጋር ተወዳድራ ያሸነፈች ልጅ ናት፤ ለብቻ ይለዩኝ የምትልበት ምክንያት አልነበራትም። በ24 ዓመቷ ግን ባለአንድ መቀመጫ መኪና ላይ ሊያስቀምጣት የመጣው ይሄ ውድድር ነበር።

ገባችና አሳየች። የመጀመሪያውን ውድድር ሆክንሃይም ላይ እንግሊዛዊቷ ጄሚ ቻድዊክ አሸነፈች፤ ሁለተኛውን ዞልደር ላይ ቪሰር ወሰደች። ከስድስቱ ውድድሮች የመጨረሻው ነሐሴ ላይ ብራንድስ ሃች ሲደርስ ቻድዊክ በ13 ነጥብ ትመራ ነበር። በዚያ ቀን ቪሰር 3ኛ፣ ቻድዊክ 4ኛ ወጡ። ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም። ቻድዊክ 110፣ ቪሰር 100። ዋንጫውን የወሰኑት አሥር ነጥቦች ናቸው።

በ2020 ኮሮና መጣና ውድድሩ ተሰረዘ። በምትኩ በኮምፒውተር ጨዋታ የተካሄደውን ሊግ ያሸነፈችው ቪሰር ናት። በዚያው ዓመት ወደ ሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ሄደች፤ ሦስቱም አሽከርካሪዎች ሴቶች በሆኑበት መኪና። ከኮሎምቢያዊቷ ታትያና ካልዴሮን ጋር አብራት መሪውን የያዘችው ማን መሰለቻችሁ? ያቺው ደብልዩ ሲሪስን ስትቃወም የነበረችው ሶፊያ ፍሎርሽ! በአጠቃላይ 13ኛ፣ በምድባቸው 9ኛ ሆነው ጨረሱ። በሐሳብ የተለያዩ ሴቶች አንዲት መኪና ተቀባብለው ሌሊቱን አነጉት። ይህ ለእኛ ከብዙ ጽሑፍ የበለጠ መልስ ነው፤ በመንገዱ ላይ ይከራከሩ እንጂ መሄድ የሚፈልጉት ወደ አንድ ቦታ ነው።

በ2021 ደብልዩ ሲሪስ የፎርሙላ ዋን አጃቢ ሆነ። ነሐሴ ላይ በቤልጂየሙ ስፓ ለማጣሪያ ሲወጡ፣ በእርጥብ መንገድ ላይ ዳገቱ ጋ ስድስት መኪኖች ተጋጩ። ቪሰርና ኖርዌያዊቷ አይላ ኦግረን ሆስፒታል ተወሰዱ። «ሴቶቹ ይችሉታል ወይ?» እያለ የሚጠይቅ ሰው ይህንንም ቢያስታውስ መልካም ነው። አደጋው እንደሆነ ለወንድም ለሴትም እኩል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ይህ ሁሉ ወደ ፎርሙላ ዋን ያደርስ ነበር ወይ? ሕጉን እንየው። ፎርሙላ ዋን ለመንዳት ሱፐር ላይሰንስ የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለእሱ ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ 40 ነጥብ መሰብሰብ ግድ ነው። የፎርሙላ 2 ሻምፒዮን 40ውንም በአንድ ዓመት ያገኛል። የፎርሙላ 3 ሻምፒዮን 30 ያገኛል። ደብልዩ ሲሪስ በ2019 ምንም አልነበረውም፤ በኋላ ለሻምፒዮኗ የተፈቀደው 15 ነው። ቻድዊክ በ2019፣ በ2021 እና በ2022 ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆናም በፎርሙላ 2 መቀመጫ አላገኘችም፤ በ2023 ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኢንዲ ኤንኤክስቲ ሄደች። አንደኛዋ እንዲህ ከሆነች ሁለተኛዋ የት ትደርሳለች?

መልካም ነገር ተሠርቷል፤ አንካድም። 18 ሴቶች ሳይከፍሉ ነዱ፤ በቴሌቪዥን ታዩ። ነገር ግን የተሠራላቸው ክፍል እንጂ ደረጃ አልነበረም። ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣው መሰላል እዚያው በድሮ ቦታው፣ በድሮ ዋጋው ቆሟል።

ክፍሉም ቢሆን አልቆየም። በ2022 ገንዘብ አለቀና የአሜሪካና የሜክሲኮ ውድድሮች ተሰረዙ። በ2023 ድርጅቱ በኪሳራ አስተዳደር ስር ወደቀ። በዚያው ዓመት ፎርሙላ ዋን ራሱ ኤፍዋን አካዳሚ የተባለ የሴቶች ውድድር ጀመረ። እሱ ግን የተዘጋጀው ለታዳጊዎች ነው፤ ከ2024 ጀምሮ የፎርሙላ ዋን ቡድኖች እያንዳንዳቸው አንዲት ልጅ ይደግፋሉ። ጥሩ ትምህርት ተወስዷል ማለት ይቻላል። ቪሰር ግን ያኔ 28 ዓመቷ ነበር። መንገዱ የተጠገነው እሷ ካለፈች በኋላ ነው።

ስለዚህ ነው ስለ ሁለተኛዋ የጻፍነው። ሬድ ቡል ሲመርጣት ለሴቶች ድጋፍ የለም፤ ድጋፉ ሲመጣ ነጥብ የለውም፤ ነጥቡ ሲመጣ ገንዘቡ አለቀ። ይህን ሁሉ በአንድ የሥራ ዘመን ያየች ናት። «ለምን ፎርሙላ ዋን ውስጥ ሴት የለችም?» ለሚል ሰው «ችሎታ ስለሌላቸው» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። መልሱን ከመስጠቱ በፊት ግን ይህቺ ልጅ ያለፈችባቸውን በሮች አንድ በአንድ ቢቆጥር እንመክራለን።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ደብልዩ ሲሪስ የመጨረሻውን ውድድሩን ያደረገው በ2022 ጥቅምት ሲንጋፖር ላይ ነው። ያን ቀን ቻድዊክ ተጋጭታ ወጣች። ሌላ ውድድር አልተካሄደምና፣ በዚያ ሻምፒዮና ታሪክ ለመጨረሻ ጊዜ መስመሩን አንደኛ ሆና ያቋረጠችው ሴት ቤይትስከ ቪሰር ናት።